ገማቹን ማን ቀጠረው?

የቦርድ ጸሐፊ ሆኜ በሠራሁበት አክሲዮን ማኅበር ቃለ ጉባኤ መያዝ ቀላል ሥራ ነበር። አባላቱ በሙሉ ወንዶች ናቸው። አብዛኞቹ ማኅበር አብረው ይጠጣሉ፣ ልጆቻቸውም ተጋብተዋል። ነገር የሚያልቀው ከስብሰባው በፊት፣ ማኪያቶ ላይ ነው። እኔ "በሙሉ ድምፅ ጸደቀ" ብዬ እጽፋለሁ።

አንድ ዓመት ግን አነስተኛ ባለአክሲዮኖች ተባብረው አንዲት የሒሳብ ባለሙያ አስመረጡ። የመጀመሪያዋ ሴት ናቸው። አዳራሹ ለወጉ አጨበጨበ።

ብዙም ሳይቆይ የሕንፃ ግዢ አጀንዳ መጣ። የግመታው ሰነድ ወፍራም ነው፤ የገለጠው ያለ አይመስለኝም። ሰብሳቢው "እንግዲህ ተስማምተናል" ሊሉ ሲሉ ሴትየዋ እጃቸውን አወጡ።

"ክቡር ሰብሳቢ፣ ገማቹን የቀጠረው ማን ነው?"

"እህቴ፣ እሱን ማኔጅመንቱ አይቶታል።"

"ይሁን። የከፈለውስ?"

ሥራ አስኪያጁ ገጽ ማገላበጥ ጀመሩ። ከፋዩ ሻጩ ራሱ ነበር። ሴትየዋ ሌላ ገማች ይቀጠር፣ ካልሆነ ልዩነቴ በቃለ ጉባኤ ይያዝልኝ አሉ። ማንም ስሙ ከዚያ ልዩነት ጎን እንዲነበብ አልፈለገም። ሁለተኛው ገማች ያመጣው ዋጋ በጣም ዝቅ ያለ ነበር።

ይህን ያደረጉት ሴት ስለሆኑ ነው? አይመስለኝም። ማኪያቶው ላይ ስላልተጠሩ ነው። የማንም ውለታ የለባቸውም።

እኔን ይበልጥ የገረመኝ ከዚያ በኋላ የመጣው ነው። ስልክ እየደወሉ "ዛሬ አልመቸኝም" ይሉ የነበሩት የቦርድ አባላት መምጣት ጀመሩ። ያውም ሰነዱን አንብበው! የኛ ጉድ መስሎኝ ነበር። ሬኔ አዳምስና ዳንኤል ፌሬራ ግን እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት ጥናት በአሜሪካ ኩባንያዎችም ይህንኑ አይተዋል። ሴቶቹ ከስብሰባ ብዙ አይቀሩም፤ እነሱ ሲበዙ የወንዶቹም መቅረት ይቀንሳል። ያው ጥናት ግን ትርፍ ይጨምራል አይልም። ቀድሞም ቁጥጥሩ ጠንካራ በሆነበት ኩባንያ ተጨማሪ ቁጥጥር ዋጋውን ሊቀንስ እንደሚችል ይናገራል። የኛ ደግሞ ከዚያ ወገን አልነበረም።

ኖርዌይ እ.ኤ.አ. በ2003 በሕግ ከቦርድ አባላት ቢያንስ 40 በመቶው ሴቶች ይሁኑ ስትል የተነሣው ክርክርም እስካሁን አልበረደም። በ2012 የወጣ ጥናት የኩባንያዎቹ ዋጋ ወረደ አለ፤ አዲሶቹ አባላት በዕድሜም በልምድም ያንሳሉ ብሎ። ኋላ መረጃውን መልሰው የፈተሹ ሌሎች ደግሞ ጉልህ መውረድ አላገኘንም አሉ። እኛማ የምንለካበትም አልነበረንም። የኢትዮጵያ ሰነደ መዋዕለ ንዋዮች ገበያ ሥራ የጀመረው በጥር 2017 ዓ.ም. ነው። ከዚያ በፊት የአክሲዮን ዋጋ የሚታወቀው በጨረታና በወሬ ነበር።

በቀጣዩ ምርጫ ትልልቆቹ ባለአክሲዮኖች ድምፃቸውን አስተባበሩ። የሒሳብ ባለሙያዋ ወደቁ። አስመራጭ ኮሚቴው "ዘመኑ ነው፣ ሴት ትኑርበት" ብሎ የሰብሳቢውን የሚስት እህት አቀረበ። ደግ ሴት ናቸው፣ ክፉ አልናገርባቸውም። በቃለ ጉባኤዬ ላይ ግን ስማቸው ከተገኙ አባላት ዝርዝር ውጪ አንድም ቦታ የለም። በዓመታዊ ሪፖርቱ "የሴት ዳይሬክተሮች ብዛት" የሚለው ረድፍ ላይ የሚጻፈው ቁጥር ያው አንድ ነው።