የቀፎ ሳጥን ጥርስ ከመቁረጣችሁ በፊት

አራት ጣውላ በምስማር ገጥሞ ቀፎ መሥራት ይቻላል። ክረምት ሲፈራረቅበት ግን ማዕዘኑ ይከፈታል፣ ብርድና ጉንዳን ይገባበታል። 10 ፍሬም (ንቦች ሰምና ማር የሚሠሩበት የእንጨት ክፈፍ) ማር የሞላ ጥልቅ ሳጥን ከ35 ኪሎ በላይ ስለሚመዝን ሲያነሱት የሚላቀቀውም እዚያው ማዕዘን ላይ ነው። የጣውላዎቹ ጫፍ እንደ ጥርስ ተቆርጦ ጥርስ በጥርስ የተጋጠመ ሳጥን ይህ አይደርስበትም። አቆራረጡን የሚያሳይ ሰው አይጠፋም፤ ሥራው የሚበላሽባቸውን ሁለት ቦታዎች፣ የእንጨቱን እርጥበትና የጥርሱን ርቀት የምትጠብቀውን መሪ ቁራጭ፣ አስቀድሞ የሚነግር ግን አላገኘሁም።

መጀመሪያ ፍሬማችሁ የትኛው እንደሆነ እወቁ። በአገራችን ብዙ ቦታ የገባው ዛንደር የሚባለው የቀፎ ዓይነት ነው፤ ፍሬሙ 420 በ220 ሚሊ ነው። የሌላው ዓይነት፣ የላንግስትሮት፣ ጥልቁ ፍሬም 448 በ232 ስለሆነ አንዱ በሌላው ሳጥን አይሠራም። ከዚህ በታች የምሰጠው ልክ ለላንግስትሮት ነው፦ የውስጥ ርዝመት 465፣ የውስጥ ስፋት 372፣ ቁመት 244 ሚሊ።

«የውስጥ» ያልኩት ሆን ብዬ ነው። በሥልጠና ላይ የሚታደለው የሥዕል ወረቀት የሚሰጠው የውጭውን ልክ ብቻ ነበር፤ ይህ እስከ ዛሬ ያናድደኛል። ወረቀቱ ያሰበው ጣውላ ውፍረቱ ስንት እንደሆነ አይናገርም። ገበያ ላይ ያገኛችሁት ጣውላ በ3 ሚሊ ከወፈረ ውስጡ በ6 ሚሊ ይጠባል፣ ፍሬሙም አይገባም። ስለዚህ ወረቀቱን ተዉትና የውስጡን ልክ ያዙ፤ በሁለቱም ጫፍ የራሳችሁን ጣውላ ውፍረት ጨምሩ። ጣውላው ተልጎ 22 ሚሊ ከሆነ ረጅሙ 509፣ አጭሩ 416 ይሆናል። እኔ ጥርሱ በግማሽ ሚሊ ወጣ ብሎ በኋላ እንዲላግ 510 እና 417 አድርጌ እቆርጣለሁ።

አሁን ወደ እርጥበቱ። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፣ ከጦሳ የሚወርደው ጉም እንጨት አያደርቅም። ኮምቦልቻ ከደሴ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ዝቅ ብላ 1,850 ሜትር አካባቢ ላይ ሞቃትና ደረቅ ናት። ደሴ ላይ በክረምት የተቆረጠ ሳጥን ኮምቦልቻ ወርዶ ሲቀመጥ እንጨቱ ይኮማተራል። የፈረንጅ ጽድን የመሰለ ለስላሳ እንጨት እርጥበቱ በ1 በመቶ ሲወርድ ጅማቱን በሚያቋርጠው አቅጣጫ 0.2 በመቶ ያህል ይቀንሳል። ከ18 ወደ 12 በመቶ ከወረደ ቁመቱ 244 ሚሊ የነበረው ሳጥን ወደ 241 ይጠጋል። የፍሬሙ የጎን እንጨት ግን በጅማቱ ርዝመት የቆመ ስለሆነ አያጥርም። ውጤቱ፣ በላይኛው ፍሬም ግርጌና በታችኛው ፍሬም አናት መካከል ያለው ክፍተት በ3 ሚሊ ይጠባል። ንቦች ሳይደፍኑ የሚተዉት ክፍተት ከ6 እስከ 9 ሚሊ ነው፤ ከጠበበ በንብ ሙጫ ይደፍኑታል፣ ከሰፋ ሰም ይሠሩበታል። 8 የነበረው 5 ሲሆን ሁለቱ ፎቆች ይጣበቃሉ፣ ለመክፈትም ፍሬም መስበር ይመጣል።

ሻጩ «ደረቅ ነው» ቢላችሁ አትመኑ፤ ላዩ ደርቆ ውስጡ እርጥብ የሆነ ጣውላ ብዙ ነው። ከጣውላው ጫፍ ሳይሆን ከመካከሉ ትንሽ ቁራጭ ውሰዱ፣ መዝኑ፣ 100 ዲግሪ በሚጠጋ ምድጃ ክብደቱ መቀነሱን እስኪያቆም አድርቁ። 118 ግራም የነበረው 100 ግራም ላይ ከቆመ እርጥበቱ 18 በመቶ ነበር ማለት ነው። 12 እና 14 መካከል ካልደረሰ አትቁረጡ። በጣውላዎቹ መካከል 2 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለው ስንጥር እያስገባችሁ፣ ጣሪያ ሥር፣ ነፋስ በሚያልፍበት ደርድሩ። የምታደርቁት ከጥቅምት እስከ ጥር ነው፤ በልግ ከገባ በኋላ ደሴ ላይ መጀመር ድካም ብቻ ነው። ባሕር ዛፍ ርካሽ ቢሆንም ለዚህ ሥራ አልመክረውም፤ ሲደርቅ ይጠማዘዛል፣ ይሰነጠቃል።

መቁረጫው ቀላል ነው፦ ጠረጴዛ ሥር የታሰረ ራውተር (እንጨት ላይ ቦይ የሚያወጣ የኤሌክትሪክ መሣሪያ)፣ 16 ሚሊ ቀጥ ያለ ቢት (የራውተሩ መቁረጫ ስለት)፣ በጠረጴዛው ቦይ የሚንሸራተት ሰሌዳ፣ ከጣውላው ጀርባ እንጨቱ እንዳይቦጨቅ የሚደገፍ ቁራጭ። ጥልቀቱን በአንድ ጊዜ አትጨርሱ፤ በመጀመሪያ 11 ሚሊ፣ ከዚያ 22.5።

ሥራውን የምትወስነው ግን ሰሌዳው ላይ የምትቆመው መሪ ቁራጭ ናት። አንዱን ቦይ፣ ማለትም በሁለት ጥርስ መካከል ያለውን ክፍት ቦታ፣ ቆርጣችሁ መሪዋ ላይ ትሰኩታላችሁ፣ ቀጣዩን ትቆርጣላችሁ። ከደረቅ ወይራ ሥሯት፤ ወርዷ 16፣ ከፍታዋ ከ10 ሚሊ የማይበልጥ። ቦይዋ ውስጥ በእጅ ግፊት የምትገባ እንጂ የምትወዛወዝ መሆን የለባትም። ብዙ ሰው በመሪዋና በቢቱ መካከል ያለው ርቀት ሲሳሳት ስህተቱ ከጥርስ ወደ ጥርስ የሚደመር ይመስለዋል። በአንድ ሰሌዳ የተቆረጡ ሁለት ጣውላዎች ግን ያንኑ ርቀት ስለሚጋሩ ጥርሱ ይጠብቃል ወይም ይላላል እንጂ አይንሸራተትም። የሚደመረው የመሪዋ ውዝዋዜ ነው። 0.2 ሚሊ ክፍተት ካላት፣ አንዱን ጣውላ ወደ ግራ፣ ሌላውን ወደ ቀኝ እየገፋችሁ ከቆረጣችሁ በ7ኛው ላይ 1.4 ሚሊ ያህል ተለያይተው ታገኟቸዋላችሁ። በመዶሻ የሚስተካከል አይደለም። ሰጋቱራም እንዲሁ ያደርጋል፤ ከእያንዳንዱ ቆረጣ በኋላ መሪዋን በብሩሽ ጥረጉ።

ርቀቱን በሜትር አትለኩ። ራውተሩን ከመብራት ንቀሉ፣ የቢቱን ስለት በእጅ አዙራችሁ ወደ መሪዋ አቅኑ፣ በመካከላቸው የ16 ሚሊ ፑንታ ለስላሳ ግንድ አስገቡና እሰሩ። ከዚያ አምስት አምስት ጥርስ ያላቸው ሁለት የሙከራ ቁራጮች ቁረጡ። ከጠበቀ መሪዋን ወደ ቢቱ አስጠጉ፣ ከላላ አርቁ፤ የሚንቀሳቀሰው በወረቀት ውፍረት ነው፣ ተራ ባለ 80 ግራም ወረቀት 0.1 ሚሊ ያህል ነው። ያለ ኮላ በእጅ መዳፍ ምት የሚገባው ትክክለኛው ነው። መዶሻ የሚጠይቀው ኮላ ሲቀባና ውኃው ሲያሳብጠው ጨርሶ እምቢ ይላል። መብራት ሲዋዥቅም ራውተሩ ኃይል ያጣና እንጨቱን ያቃጥላል፤ አንድ ሳጥን ከጀመራችሁ አራቱንም ጣውላ ኃይሉ በተረጋጋበት ሰዓት ጨርሱ።

ሁሉም ከላይኛው ጠርዝ ይጀምራል፤ ጠርዙን በእርሳስ ምልክት አድርጉበት። ረጅሙ ጣውላ በጥርስ፣ አጭሩ በቦይ ይጀምር። 16 ሚሊ የመረጥኩትም ለዚህ ነው፦ የፍሬሙ ጆሮ የሚያርፍበት እርከን ጥልቀቱ 16፣ ወርዱ 10 ሚሊ ስለሆነ የረጅሙ ጣውላ የመጀመሪያ ጥርስ የእርከኑን ጫፍ ሙሉ በሙሉ ይሸፍነዋል። በ12 ሚሊ ጥርስ ከሠራችሁ ማዕዘኑ ላይ 4 ሚሊ ቀዳዳ ይቀራል። 15 ጊዜ 16 ደግሞ 240 ነው፤ የተረፈውን 4 ሚሊ ቀጭን ጥርስ አታድርጉት፣ ይሰበራል። የረጅሙን የመጨረሻ ጥርስ 20 ሚሊ አድርጋችሁ ተዉት፣ በአጭሩ ላይ ያንኑ ቦይ በ4 ሚሊ አስፉ።

ውኃ የማይፈታው ነጭ ኮላ ቀቡ፣ በሞርሳ እሰሩ፣ የውስጡን ሰያፍ ከማዕዘን ማዕዘን ለኩ፤ ሁለቱም 595 ተኩል ሚሊ አካባቢ እኩል ካልሆኑ ኮላው ሳይደርቅ አቃኑ። ውጩን ብቻ የተልባ ዘይት ቀቡት። የተቃጠለ የሞተር ዘይት እንዳትነኩ፤ ሽታው ሰምና ማር ውስጥ ይገባል።

ቢቱ በተሳለ ቁጥር ይቀጥናል፣ ቦይውም ይጠባል። የድሮዋን መሪ በብርጭቆ ወረቀት እየፋቃችሁ ለማስገባት አትታገሉ፤ ለአዲሱ ወርድ አዲስ ሥሩ፣ ሙከራውንም ከመጀመሪያው ቁረጡ።