ናጋይ፣ ደርሶ መልስ

ጃፓን ውስጥ ሰው ሲናደድ አይጮህም። ስልክ ይደውላል። ለማዘጋጃ ቤት፣ ለባቡር ጣቢያ፣ ለትምህርት ቤት። «ሥራ ላይ እያላችሁ ስላስቸገርኩ ይቅርታ» ብሎ ይጀምርና ግማሽ ሰዓት ሙሉ ልክ ልካቸውን ይነግራቸዋል። ነሐሴ ላይ አራት ትንንሽ ከተሞች በዚህ ዓይነት ስልክ ሥራቸውን መሥራት አቅቷቸው ሰነበቱ። ከአራቱ አንዷን፣ ናጋይን፣ ሄጄ ካላየሁ አልኩ።

ዓመቱ በፈረንጅ 2025 ነበር። በጃፓን ንጉሠ ነገሥት አቆጣጠር ሬዋ 7፣ በእኛ ነሐሴ ላይ 2017፣ መስከረም ሲጠባ 2018። ቅጽ ስሞላ ሦስቱም ይምታቱብኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዮኮሃማ ላይ የጃፓንና የአፍሪካ ጉባኤ ተካሄደ። በዚያው ሰሞን የጃፓን የልማት ተራድኦ ድርጅት ጃይካ (አዎ፣ እኛ አገር በውኃ ጉድጓድ የምናውቀው ጃይካ) አራት ከተሞችን የአፍሪካ «የትውልድ መንደር» ብሎ ሰየመ። ኢማባሪ ለሞዛምቢክ፣ ኪሳራዙ ለናይጄሪያ፣ ሳንጆ ለጋና፣ ናጋይ ለታንዛኒያ። የታሰበው የባህል ልውውጥ ነበር። የናይጄሪያ መንግሥት ግን ልዩ ቪዛ ሊሰጥ ነው የሚል መግለጫ አወጣ። አንድ የታንዛኒያ ጋዜጣ ደግሞ ጃፓን ናጋይን ለታንዛኒያ አበረከተች ብሎ ጻፈ። ስደተኛ ሊጎርፍብን ነው የሚል ወሬ ተነሳ፤ ከዚያ በኋላ ማን ይስማ? የጃፓን ውጭ ጉዳይ ቢያስተባብል፣ ከንቲባዎቹ ቢምሉ ቢገዘቱ ስልኩ አላቆመም። ወር ገደማ ቆይቶ ጃይካ ስያሜውን ሰረዘው።

ኢትዮጵያ ዝርዝሩ ውስጥ የለችበትም። ቢሆንም እኔ በምኖርበት በቶክዮው ካትሱሺካ ወረዳ ያሉ ጎረቤቴ አንድ ጠዋት አስቆሙኝ። ቆሻሻ እንዴት ተለይቶ እንደሚወጣ ያስተማሩኝ እማማ ናቸው። የፕላስቲክ ጠርሙስ ክዳን ሳላወልቅ ካወጣሁ በሬ ላይ መልሰው ያስቀምጡልኛል። «ወደ ሰሜን ልትዛወሩ ነው አሉ» አሉኝ። በሐዘን ይሁን በተስፋ፣ ድምፃቸው አያስታውቅም።

እናም ኦክቶበር 4፣ ቅዳሜ፣ ከኡዌኖ ባቡር ተሳፈርኩ። ፉኩሺማ ላይ ፈጣኑ ባቡር ለሁለት ይከፈላል። ግማሹ ወደ ሰንዳይ ይበራል፣ የእኛው ግማሽ ተራራ እየቧጠጠ ወደ ያማጋታ ይወጣል። ከተራራው ማዶ ሜዳው ሁሉ ወርቅ ነው። ሩዝ ሊታጨድ ደርሷል።

ስለ ሩዝ ካነሳሁ አይቀር ላውራችሁ። በ2025 5 ኪሎ ሩዝ ከ4 ሺህ የን አልፎ ነበር፤ ግንቦት ላይ ካለፈው ዓመት እጥፍ ገደማ መሆኑ ነው። የጤፍን ዋጋ ሲከታተል ላደገ ሰው ይህ አዲስ አይደለም። አዲስ የሆነብኝ ሌላ ነው። ግንቦት ላይ የግብርና ሚኒስትሩ አንድ ስብሰባ ላይ ሩዝ ገዝቼ አላውቅም፣ ደጋፊዎቼ ስለሚሰጡኝ ቤቴ የሚሸጥ ያህል ተርፏል አሉ። በሦስተኛው ቀን ከሥልጣን ወረዱ። ሦስት ቀን! ዜናውን ለእህቴ ስነግራት «ለዚህ ብቻ?» ብላ ሳቀች።

የተተኩት ሺንጂሮ ኮይዙሚ የመንግሥትን መጠባበቂያ ሩዝ በ2 ሺህ የን ገደማ አወጡ። የ2021 ምርት ሳይቀር ወጣ። ሕዝቡ «ኮኮኮማይ» ይለዋል፤ አሮጌ፣ አሮጌ፣ አሮጌ ሩዝ እንደማለት። እኔም ሰልፍ ያዝኩ። ሰልፉ ላይ ማንም ማንንም አልገፋም፣ ማንም አላጉረመረመም። እውነቱን ለመናገር ትንሽ ግፊያ ናፈቀኝ። ሩዙን አስፈጭቼ ከጤፍ ጋር አቦካሁት። ዓይኑ ትንሽ ሰነፍ ቢሆንም እንጀራ ወጣው። የፎገራ ሰው ይህን ቢሰማ ምን አዲስ ነገር አለው ይለኛል። የፎገራን ሩዝ ምርምር ሲደግፍ የቆየውም ያው ጃይካ ነው።

አካዩ ላይ ወርጄ ወደ ናጋይ የሚሄደውን ባቡር ያዝኩ። አንድ ፉርጎ ነው፣ በናፍጣ የሚሄድ፣ አበባ የተሳለበት። መንገድ ላይ ሚያውቺ የሚባል ጣቢያ አለ፤ ጥንቸል የጣቢያ ኃላፊ አድርጎ በመሾም የታወቀ። ቀልድ አይደለም። በ2024 በመላው ጃፓን የተወለዱት ጃፓናውያን ሕፃናት 686 ሺህ ገደማ ብቻ ናቸው። ሰው ሲጠፋ ጥንቸልም ይሾማል።

አጠገቤ ሁለት ዘንቢል የያዙ እማማ ተቀምጠዋል። ሁለት ጣቢያ ሙሉ ሰርቀው ሲያዩኝ ቆዩና «ታንዛኒያ?» አሉኝ።

«አይ፣ ከኢትዮጵያ ነኝ እማማ።»

ፊታቸው በራ። «አበበ!»

የቶክዮ ኦሊምፒክ ጊዜ ትንሽ ልጅ ነበሩ። ሰፈሩ ሁሉ አንድ ቴሌቪዥን ከቦ ነው ያየው። አበበ ሮጦ ከገባ በኋላ ሣሩ ላይ ተኝቶ ሰውነቱን ሲያፍታታ፣ አባታቸው «ይሄ ሰውዬ ገና መጀመሩ ነው እንዴ?» ብለው ነበር አሉ። በ1964 የተዘራውን ስም እኔ እስከ ዛሬ እያጨድኩት ነው። አበበን ያየው ትውልድ ሲያልቅ ማን እንደምባል እንጃ።

ናጋይ ስደርስ አንድ ነገር ገረመኝ። ጣቢያውና ማዘጋጃ ቤቱ አንድ ሕንፃ ናቸው። ከሐዲዱ ጎን ረዝሞ የተጋደመ አዲስ ቤት፤ ከባቡር ወርደህ በሩን ስትገፋ መንግሥት ቤት ነህ። ያ ሁሉ ስልክ የጮኸው እዚህ ውስጥ ነው ማለት ነው። ቅዳሜ ስለሆነ መስኮቶቹ ዝግ ናቸው። አንድ ተማሪ ወንበር ላይ ተጋድሞ ስልኩን ይነካካል። ከታንዛኒያ የመጣ ጎርፍ ፈለግኩ። በአዳራሹ ያለሁት አፍሪካዊ እኔ ብቻ ነኝ፤ እኔም ማታ ተመላሽ።

ስልኬን አየሁ። ገዢው ፓርቲ አዲስ መሪ መርጧል፤ ሳናኤ ታካይቺ፣ የመጀመሪያዋ ሴት። የተሸነፉት ባለ አሮጌው ሩዝ ኮይዙሚ ናቸው። ሴትዮዋ በምርጫው ቅስቀሳ የናራ ከተማን አጋዘኖች በእርግጫ የሚመቱ የውጭ ሰዎች አሉ ብለው ነበር። እኔ ናራ ሄጃለሁ። የተነከስኩት እኔ ነኝ። አሁን ደግሞ እሠራለሁ፣ እሠራለሁ እያሉ አምስት ጊዜ ደጋግመው፣ ሥራና ኑሮን ማመጣጠን የሚለውን ቃል እጥለዋለሁ ብለዋል። የጃፓኑ የሥራ ማሻሻያ ዘዴ ካይዘን አዲስ አበባ ድረስ ሲመጣ የነገሩን እረፍትም የሥራ አካል ነው ብለው አልነበር?

በሐምሌው ምርጫ «ጃፓናዊ ይቅደም» ያለው ፓርቲ 14 መቀመጫ አግኝቷል። «ይቅደም» የሚል ነገር ስሰማ ጆሮዬ ይቆማል። እኛም ዘንድ «ትቅደም» ተብሎ ሲጀመር «ያለ ምንም ደም» የሚል ተከታይ ነበረው።

ከከተማው ወጣ ብሎ፣ መንገድ ዳር፣ ሻጭ የሌለው መደብር አገኘሁ። የዘንድሮ ሩዝ በከረጢት ተቀምጧል፣ አጠገቡ የቆርቆሮ ሳጥን። ዋጋው በእጅ ተጽፏል። ገንዘቡን ጨመርኩና 5 ኪሎዬን በጀርባ ቦርሳዬ ከተትኩ። ያየኝ ሰው የለም። የሰው አገር ሰው አያምንም እየተባለ በሚወራበት ሰሞን፣ ባዶ ሱቅ ማንነቴን ሳይጠይቅ አመነኝ።

ስመለስ መሸብኝ። በዚያ ዓመት ሰሜኑ በድብ ተጨንቆ ነበር፤ ከጫካ እየወጡ ሰው ይገድሉ ነበር። ጨለም ባለው የእርሻ መንገድ አንድ አባት ከወገባቸው ቃጭል አንጠልጥለው ይመጣሉ። ከሩቅ ሲያዩኝ፣ ከነቦርሳዬ ሰፋ ብዬ፣ ቃጭሉን በእጃቸው ይዘው አንቀጨቀጩት። ቀረብኩ። ባለችኝ ጃፓንኛ «እንደምን አመሹ» አልኩ።

ቆሙ። ቃጭሉን በመዳፋቸው ያዙት። ጎንበስ ብለው ሁለት ጊዜ ይቅርታ ጠየቁኝና፣ «ለአንተ አይደለም» አሉ፣ «ለድቡ ነው።»

ጥቂት እንደራቅን ቃጭሉ እንደገና መጮህ ጀመረ።