ውሃ የሌለው የውሃ ድልድይ

ሰው እንግሊዝ ሽሮፕሺር ሲሄድ አይረንብሪጅ የሚባለው ታዋቂ የብረት ድልድይ ላይ ፎቶ ተነስቶ ነው ሚመለሰው፣ እኔም ሁለቴ እንደዛ አድርጌያለሁ። ባለፈው ቅዳሜ ግን ከበርሚንግሃም ባቡር ይዤ ቀጥታ ሽሩስበሪ ወረድኩ፣ መንገዱ አንድ ሰዓት ምናምን ነው፣ የድሮውን የክር ፋብሪካና ውሃና ጀልባ ያሻግር የነበረ የብረት ድልድይ ለማየት።

ክሩ ከምን እንደሚሰራ ታውቃላችሁ? ከተልባ! እኛ ፍሬውን ቆልተን ወቅጠን በጥብጠን እንጠጣለን፣ እነሱ አገዳውን ነው ሚፈትሉት። መጽሐፍ ቅዱስ ላይ "የተልባ እግር" ሚባለው ነገር ስንት ዓመት ስሰማው ኖሬ ገና እዛ ገባኝ።

የዛን ጊዜ ፋብሪካ ወለሉም ቢሙም እንጨት፣ መብራቱ ሻማ፣ አየሩ ሙሉ ብናኝ፣ ማሽኑ ዘይት በዘይት ነው፣ እንግዲህ አስቡት። ከሽሩስበሪው ፋብሪካ ባለቤቶች አንዱ ጆን ማርሻል ሊድስ ከተማ ያለው ሌላ ፋብሪካው በ1796 ተቃጥሎበታል (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው)። ስለዚህ ሽሩስበሪ ላይ እንዳይቃጠል ቻርልስ ቤጅ የሚባል የወይን ነጋዴ፣ ቅየሳም ይሰራ ነበር፣ ኮለኑንም ቢሙንም ካስት አይረን (ቀልጦ ቅርጽ ውስጥ የፈሰሰ ብረት) አድርጎ ወለሉን በጡብ ቅስት ሞላውና በ1797 አለቀ። በኛ አቆጣጠር ጂ+4 መሆኑ ነው፣ የዛሬ ፎቆች ሁሉ አያት ይሉታል። ኮለኑን ተጠግቼ አየሁት፣ ቁርጡ መስቀል ነው፣ መሃሉ ወፈር ብሎ ላይና ታቹ ቀጠን ይላል፣ ሲነኩት በጣም ይቀዘቅዛል።

ማሽኑን ሚያዞረው እንፋሎት ነው፣ እንፋሎት ደግሞ ከሰል ይበላል። ከሰሉ በጀልባ በፋብሪካው አጠገብ ባለፈው የሽሩስበሪ ቦይ (ለጀልባ የተቆፈረ የውሃ መንገድ ነው) ይመጣ ነበር፣ ቦዩ ተርን የሚባለውን ወንዝ ሚሻገረው ደግሞ ሎንግደን ላይ በብረት ድልድይ ነው። እኔ ዋናው ጉዳዬ እሱ ነበር፣ ግን የጠበቅኩት አውቶብስ ቀረ፣ ታክሲ ያዝኩ፣ ዋጋውን አልነግራችሁም።

ድልድዩ መጀመሪያ በድንጋይ ነበር የተጀመረው። ኢንጂነሩ ጆሳያ ክሎውስ ሳይጨርሰው ሞተ፣ በ1795 መጀመሪያ ላይ ደግሞ ጎርፍ መጣና የተሰራውን ጠራርጎ ወሰደው። ከዛ ቶማስ ቴልፎርድ ተተካና ኬትሊ ካለው የብረት ፋብሪካ ጌታ ከዊልያም ሬይኖልድስ ጋር ሆኖ በብረት እንስራው አለ፣ በ1796 ተከፈተ። የቦዩን ውሃ ከነጀልባው በወንዙ ላይ ሚያሻግር፣ 57 ሜትር ገደማ የሚሆን የብረት ገንዳ ማለት ነው። ደርቢ ላይ የተሰራ ሌላ በጥቂት ሳምንት ስለቀደመው "የመጀመሪያው የብረት የውሃ ድልድይ" ማለት አይቻልም፣ ብዙ ሰው ግን ይላል።

ገንዳው ቀልጦ የፈሰሰ ላሜራ በብሎን ተያይዞ ነው፣ የሚገርመው የጎኖቹ ላሜራዎች ቀጥ ያሉ አይደሉም፣ እንደ ድንጋይ ቅስት ሸርተት ብለው ነው የተቆረጡት። ብረት ገና አልለመዱትማ፣ እጃቸው ድንጋይ ነው ሚያውቀው። በአንድ ጎን ዝቅ ብሎ ጀልባውን ሚጎትተው ፈረስ መሄጃ አለ፣ በጣም ጠባብ ነው፣ ፈረሱ አሳዘነኝ። ዳርና ዳር ላይ የክሎውስ የድሮ ግንብ እስካሁን ቆሟል።

ቴልፎርድ እዚህ እጁን አፍታትቶ ነው ዌልስ ላይ በ1805 ፖንትከሳልቴ የሚባለውን ትልቅ የውሃ ድልድይ ያስመረቀው፣ እዛ ዛሬም ቱሪስት በጀልባ ይሄዳል። የሎንግደኑ ቦይ ግን በ1944 ተዘጋ፣ ድልድዩ ጠብታ ውሃ ሳይኖረው ሜዳ መሃል ዝገቱን ይዞ ቆሟል። ከስር ገብቼ ብሎኖቹን ልቆጥር ሞከርኩ፣ ሃያ ስደርስ እግሬ ጭቃ ውስጥ ሰመጠ።

የመመለሻው ታክሲ ሲመጣ ሾፌሩ ጫማዬን አየና ምንም ሳይል ጋዜጣ አነጠፈ።