ሰለን

ዛሬ ከልጄ ትምህርት ቤት ወረቀት መጣ። መምህሩ ስለ ጠባዩ "ሰለን" የሚል የእንግሊዝኛ ቃል ጽፏል። "ግራምፒ"ን አውቃለሁ፤ ነጭናጫ ማለት ነው። "ሙዲ"ንም አውቃለሁ፤ አሁን ስቆ ወዲያው የሚከፋው። ይሄኛው ግን አዲስ ሆነብኝ።

መዝገበ ቃላት ገለጥኩ። ፊቱን አጥቁሮ፣ አኩርፎ ዝም የሚል ሰው ማለት ነው። ምንጩን ሳነብ ግን ደነገጥኩ። ከላቲኑ "ሶሉስ" የመጣ ነው፤ ብቻውን የሆነ ማለት። "ሜላንኮሊ"ንም እግረ መንገዴን አየሁት። ከግሪክ ነው፤ ጥቁር ሐሞት። የጥንት ሐኪሞቻቸው ትካዜ የሚመጣው እሱ ሲበዛ ነው ይሉ ነበር። እኛ ሐሞትን ለድፍረት ነው የሰጠነው፤ የፈራ ሰው ሐሞቱ ፈሰሰ እንላለን። እነሱ ትካዜን እዚያ አኖሩት። ይገርማል።

ልቤ የቀረው ግን "ሰለን" ላይ ነው። ሰፈር ከቀየርን ሦስት ወራችን ነው። ጓደኞቹ ሁሉ እዚያው ቀሩ። አኮረፈ እያልኩ ስቆጣው የከረምኩት ልጅ ለካ ብቻውን ነበር። ማታ አጠገቡ ቁጭ አልኩና "ማን ናፈቀህ የኔ አባት?" አልኩት። ቶሎ አልመለሰልኝም። ከዚያ ሦስት ስም ጠራልኝ።

ቅዳሜ ወደ ድሮው ሰፈር እንሄዳለን።