ውሃ መቅዳትማ እዚህም ነበር

ከሳንዲዬጎ ልንነሳ ስንል እናቴ ደወለች። "ለመሆኑ መርከቡ ላይ ሥራሽ ምንድን ነው?" አለችኝ። ሴንሰር፣ ጨዋማነት ምናምን እያልኩ ላስረዳት ሞከርኩ። አልሆነም። በመጨረሻ "ውሃ እቀዳለሁ እማዬ" አልኳት። ትንሽ ዝም አለችና "ውሃ መቅዳትማ እዚህም ነበር" ብላ ሳቀች።

እውነቷን ነው። ደብረ ብርሃን ልጅ ሳለሁ ቢጫ ጀሪካን ይዤ ቦኖ ተሰልፌያለሁ። አሁን ዕቃው ተለወጠ እንጂ ሥራው ያው ነው። ዕቃው ሲቲዲ ይባላል። ትልቅ የብረት ማቀፊያ ነው፤ ዙሪያውን 24 ረጃጅም ጠርሙሶች ታስረውበታል። እያንዳንዱ 10 ሊትር ይይዛል። ከታች ሙቀት፣ ጨዋማነት፣ ግፊትና ኦክስጅን የሚለኩ ሴንሰሮች አሉ። ዊንቹ፣ ማለት የኬብል መጠቅለያ ማሽኑ፣ በኬብል 500 ሜትር ገደማ ድረስ ያወርደዋል። ሲወርድ ጠርሙሶቹ ከላይም ከታችም አፋቸው ክፍት ነው። ሲወጣ በየጥልቀቱ ቆም ይላል፤ ከላይ በኮምፒውተር ሲታዘዝ አንዱ ጠርሙስ ጥርቅም ይላል።

ጉዞው ካልኮፊ የሚባለው የካሊፎርኒያ ባሕር ጥናት ነው። እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ሰርዲን የሚባለው የካሊፎርኒያ ትንሽ ዓሣ እየተመናመነ ሄዶ ዓሣ አጥማጁም ፋብሪካውም ባዶ እጁን ቀረ። ምን ነካው ተብሎ በ1949 ልኬቱ ተጀመረ። ይኸው እስካሁን መርከብ እየወጣ፣ እዚያው በዚያው ቦታ ይቀዳል። እኔ ተመራማሪ አይደለሁም፤ ቴክኒሻን ነኝ። ከቀኑ ስድስት ሰዓት እስከ እኩለ ሌሊት ተረኛ።

መጀመሪያ የሚቀዳው የኦክስጅኑ ነው። ከቆየ አየር ይገባበትና ልኬቱ ይበላሻል። ትንሿን ብልቃጥ በቀጭን ጎማ ከሥር እሞላታለሁ፤ እስክትፈስ፣ እስክትትረፈረፍ። አረፋ ካለባት አትረባም። ከዚያ ሁለት ኬሚካል ጠብ ጠብ አድርጌ፣ ከድኜ፣ እንጣታለሁ። ኦክስጅን ካለ ውሃው ቡናማ ይሆንና እንደ አተላ ይዘቅጣል። የላይኛው ውሃ ድፍን ያለ ቡናማ ነው። ወደ ታች በተሄደ ቁጥር እየሳሳ ይመጣል። የ500 ሜትሩ ገርጥቶ ነጣ ይላል። እዚያ ያለው ኦክስጅን ከላይኛው አንድ አስረኛ ገደማ ነው። ጠርሙሱም ሲነኩት እጅ ያቀዘቅዛል። ሴንሰሩ ይህንኑ በቁጥር ነግሮኛል፣ አውቃለሁ። ግን በዓይን ማየት ሌላ ነው።

በሦስተኛው ቀን ጉድ ሠራሁ። ከየጠርሙሱ አናት ላይ የአየር ማስገቢያ ቡሎን አለች፤ ከመውረዱ በፊት ትጠበቃለች። አንዷን ረሳሁ። ሲወጣ የሥሩን ቧንቧ ስነካው ውሃው ተንፎለፎለ። (ደህና ጠርሙስ ቡሎኗ ካልላላች ጠብ አይልም። የስትሮውን ጫፍ በጣት ስትይዙት ውሃው ውስጡ እንደሚቀረው።) ዝም ብዬ ልቅዳው የሚል ሐሳብ ሽው አላለብኝም አልልም። ለኃላፊው ነገርኩት። ቀና እንኳ ሳይል "ጻፊው" አለኝ። "9 ቁጥር፣ ቡሎን ክፍት" ብዬ ጻፍኩ። ሉሁ ላይ የጥፋተኛ ስም መጻፊያ ቦታ የለውም፤ ተመስገን።

አመሻሽ ላይ እጄን አሙቄ ኢኮ ሳውንደሩ ስክሪን ጋ እቀመጣለሁ። ከመርከቡ ሆድ ድምፅ ወደ ታች ይልክና የተመለሰለትን በቀለም ይሥላል። ቀን ላይ ከ300 ሜትር በታች ወፍራም ንጣፍ ይታያል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ባሕር ውስጥ በድምፅ የሚፈልጉት የሶናር ሰዎች ይህን አይተው ግራ ተጋብተው ነበር፤ የባሕር ወለል ይመስላል፣ ግን ወለሉ ገና ሩቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1945 ስክሪፕስ የሚባለው የባሕር ምርምር ተቋም ሰው ማርቲን ጆንሰን ይህ ንጣፍ ሌሊት ወደ ላይ እንደሚወጣ፣ ሲነጋ እንደሚወርድ አሳየ። ወለል አይወጣም አይወርድም። ሕይወት ያለው ነገር ነው ማለት ነው። ትናንሽ ዓሦች፣ ሽሪምፕ መሰሎች፣ ጄሊ ነገሮች። ቀን አዳኝ እንዳያያቸው ጨለማው ውስጥ፣ አየሩ በሳሳበት ይውላሉ። ሲመሽ እራት ፍለጋ ይወጣሉ። ፀሐይ ስትጠልቅ ያ ንጣፍ ስክሪኑ ላይ ቀስ እያለ ሲነሳ ሻዬ ይቀዘቅዛል።

ሌሊቱን የቦንጎ መረብ ተጣለ፤ እንደ ቦንጎ ከበሮ ጎን ለጎን የተጣበቁ ሁለት ክብ አፎች አሉት። ከተያዘው መሃል ጣቴን የምታህል ፋኖስ ዓሣ ነበረች። ዓይኗ ከራሷ ይበልጣል ብል ያስኬዳል። ሆዷ ላይ እንደ ሸሚዝ ቁልፍ የተሰደሩ ነጥቦች አሏት። በሕይወት ሳለች የሚያበሩት እነሱ ናቸው፤ ከላይ ከሚመጣው ደብዛዛ ብርሃን ጋር ተመሳስላ፣ ከሥር ለሚያያት ጥላዋ እንዳይታይ። በእጄ ላይ ግን አላበራችም። እንዳትበሰብስ ፎርማሊን ውስጥ ከተቷት።

ወደብ እንደደረስን ለእናቴ ደወልኩ። ከ10 ሊትሩ የምንፈልገው ጥቂቱን ብቻ መሆኑን ነገርኳት።

"የተረፈውስ?"

"እዚያው እንደፋዋለን።"

"ያን ሁሉ ከሥር ጎትታችሁ አውጥታችሁ?" አለች። "እኔ አሳድጌሽ?"