የመጀመሪያው ሳምንት ዓይን አይጨፈንም

ትኩረትን በትንፋሽና በሰውነት ላይ እያደረጉ ሕመምንና ድንጋጤን የመቋቋም ልምምድ ያስጀመርኩት በስምንት ተማሪዎች ነው፤ በሳምንት አንድ ቀን 40 ደቂቃ፣ ለስምንት ሳምንት። ከፊሎቹን ወገብ ወይም ማይግሬን ከሦስት ወር በላይ ሲያሠቃያቸው ቆይቷል፤ ከፊሎቹ ጦርነት ከነካው አካባቢ የመጡ ናቸው፤ ሁለቱም ያለባቸው አሉ። መነሻ ያደረግኩት አሜሪካዊው ጆን ካባት-ዚን እ.ኤ.አ. በ1979 በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ የጀመረውን፣ ውጥረትንና ሕመምን በሜዲቴሽን የመቋቋም የስምንት ሳምንት ሥልጠና ነው። ቅርጹን ወሰድኩ፣ መጠኑን ተውኩት። እዚያ ሰውነትን ከእግር ጣት እስከ ራስ በሐሳብ መዳሰስ 45 ደቂቃ ያህል ይፈጃል። ስድስት ሰው በሚያድርበት ዶርም ውስጥ፣ ወገቡን ለሚያመው ተማሪ፣ 10 ደቂቃም አንዳንዴ ይበዛል።

ከምንም በፊት ግን ሐኪም። እግር ከደነዘዘ ወይም ከደከመ፣ ሽንት መቆጣጠር ካቃተ፣ ትኩሳት ወይም ምክንያቱ ያልታወቀ መክሳት ካለ፣ ወይም ኃይለኛ ራስ ምታት በድንገት ከመጣ፣ መሄጃው ሆስፒታል ነው። በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ ፓራሲታሞል ወይም አይቡፕሮፌን የሚውጥ የማይግሬን ታማሚም ለሐኪሙ ይንገር፤ ማስታገሻው ራሱ ራስ ምታት ሊያመጣ ይችላል።

መጀመሪያ ላይ የተሳሳትኩት ቅደም ተከተሉን ነው። «ዓይናችሁን ጨፍኑ፣ በረጅሙ ተንፍሱ» ብዬ ጀመርኩ። ክፉ ነገር ላየ ሰው ዓይን መጨፈን ዘብ መልቀቅ ነው፤ ወደ ውስጥ ሲመለከትም የሚጠብቀው ያው ሲሸሸው የኖረው ነገር ነው። አሁን በመጀመሪያው ሳምንት ስለ ትንፋሽ አናነሳም። ወንበሮቹ ጀርባቸው ወደ ግድግዳ፣ ፊታቸው ወደ በሩ ይሆናል፤ በሩ አይቆለፍም። ሁለት እግር መሬት ይረግጣል፣ ዓይን ክፍት ነው። የሚታዩ አምስት ነገሮች፣ የሚነኩ አራት፣ የሚሰሙ ሦስት በልብ ይቆጠራሉ። ሦስት ደቂቃ፣ በቃ። የስልክ ደወል አልጠቀምም፤ ድንገተኛ ድምፅ የለፋንበትን ሁሉ ይበትነዋል። ንዝረት ላይ አድርጌ ስልኩን በታጠፈ ነጠላ ላይ አስቀምጠዋለሁ፤ ባዶ ጠረጴዛ ላይ ከሆነ ንዝረቱም ያስደነግጣል።

ትንፋሽ በሁለተኛው ሳምንት ይገባል። በአፍንጫ አራት እየቆጠሩ ማስገባት፣ ስድስት እየቆጠሩ ማስወጣት፤ አንዱ ዙር 10 ሴኮንድ፣ በደቂቃ ስድስት ጊዜ፣ ለአምስት ደቂቃ። ቁም ነገሩ የማስወጫው መርዘም ነው፤ አየር ሲወጣ ልብ ከአንጎል በሚወርደው በቬገስ ነርቭ በኩል ዝግ ይላል። እዚህ ላይ የሚበላሸው ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፦ ተማሪው «በደንብ ላድርገው» ብሎ ደረቱን ነፍቶ ብዙ አየር ይስባል። በደሙ ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይወርድና ጣቱንና ከንፈሩን ይነዝረዋል፣ ራሱን ያዞረዋል። ስሜቱ ልክ እንደዚያ እንደሚፈራው ድንጋጤ ስለሆነ ዳግም አይሞክርም። ስለዚህ «በጥልቀት» የሚለውን ቃል ትቼዋለሁ። «አጠገብህ ያለው ሰው እንዳይሰማህ አድርገህ ተንፍስ» እላለሁ፣ አንድ እጅ ሆድ ላይ። መንዘር ከጀመረ ቆጠራው ይቆማል፣ ተነስቶ መራመድ ነው። ስድስት የሚረዝምበት ሦስት አስገብቶ አራት ያውጣ።

ሦስተኛውና አራተኛው ሳምንት አሜሪካዊው ሐኪም ኤድመንድ ጃኮብሰን ከመቶ ዓመት ገደማ በፊት የቀየሰው፣ ጡንቻን አጥብቆ የመልቀቅ ልምምድ ነው። አምስት ሴኮንድ ማጥበቅ፣ 20 ሴኮንድ መልቀቅ፤ ከጡጫ ተነስቶ ክንድ፣ ትከሻ፣ ጭን። የኃይል ሲሶ ይበቃል፤ በሙሉ ጉልበት ያጠበቀ ማታ ብሶበት ይመጣል። የሚያመው ቦታ ይዘለላል፤ ማይግሬን ያለበት አንገቱንና መንጋጋውን አይነካካ። የእግር ጣትን ወደ ታች መግፋት ባትን ክራምፕ ያስይዛል፣ ወደ ራስ መሳብ ይሻላል።

ሰውነትን በሐሳብ መዳሰስ ከአምስተኛው ሳምንት በፊት አይገባም። ተንጋሎ፣ ከጉልበት ሥር የተጠቀለለ ጋቢ፣ ስምንት ደቂቃ። የሚያመው ቦታ ሲደረስ መሐሉ ላይ አይሰፈርም። ዳር ዳሩን ሦስት ትንፋሽ ያህል ቆይቶ ወደ መዳፍ ወይም ወደ ጆሮ ጫፍ መሄድ፣ ከዚያ መመለስ። የሚለመደው ይህ መመላለስ ነው። «እችለዋለሁ» ብለው ጥርሳቸውን ነክሰው የሚቆዩት ናቸው ቶሎ የሚያቋርጡት።

ከሁሉ የሸወደኝ ዝምታ ነው። ተማሪ ፍጹም ጸጥ ሲል ተሳካ ብዬ እቆጥር ነበር። ዓይኑ አንድ ቦታ ከተተከለና ሲጠሩት ከዘገየ ግን አልተረጋጋም፤ ከራሱ ርቋል። አይነካም። በስሙ ጠርቼ አስነሳዋለሁ፣ ቀዝቃዛ ውኃ የሞላ ሃይላንድ አስይዘዋለሁ፣ ዛሬ ምን ቀን እንደሆነ እጠይቀዋለሁ። ከተደጋገመ ከኔ ጋር መቀጠል የለበትም፤ ወደ ሥነ ልቦና ባለሙያ ነው።

«ይሄ የባዕድ አምልኮ አይደለም ወይ?» የሚል ጥያቄም አይቀርም። ሳልጠየቅ እመልሰዋለሁ፦ ትንፋሽ መቁጠር ነው፣ ጸሎትንም ጠበልንም አይተካም። ሜዲቴሽን የሚለውን ስም ከተውኩት በኋላ ጥያቄው ቀንሷል።

ማስታወሻው ሦስት መስመር ነው፦ ከልምምዱ በፊት ሕመሙ ከ0 እስከ 10 ስንት ነበር፣ በኋላ ስንት ሆነ፣ ከዚያ ምን ሠራሁ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቁጥሩ ብዙም አይወርድም። ይህን አስቀድሜ ባለመናገሬ ሁለት ሰው ቀረብኝ። መታየት ያለበት ሦስተኛው መስመር ነው፤ ቁጥሩ 6 ላይ እንዳለ ክላስ የተገባባቸው ቀናት መብዛት ይጀምራሉ።

ትልቁ ለውጥ የመጣው ከአጠናን ነው። ሕመምተኛ ተማሪ ደህና በዋለበት ቀን ላይብረሪ ስድስት ሰዓት ይቀመጥና ሁለት ቀን አልጋ ላይ ይውላል። ሕመሙ ሳይጨምር ስንት ደቂቃ መቀመጥ እንደሚችል ሦስት ቀን ይመዝግብ። አማካዩ 30 ከሆነ 80 በመቶውን ወስዶ 24 ደቂቃ ላይ ይነሳ፣ ሦስት ደቂቃ ተራምዶ ይመለስ። በሳምንት ከ10 በመቶ በላይ አይጨምር። የሚያስነሳው ሰዓቱ ነው፣ ሕመሙ አይደለም፤ ምንም በማያመው ቀንም ቢሆን ይነሳል። ይህን ማሳመን ከሁሉ ይከብዳል፤ የሚድ ፈተና ሲደርስ ሁሉም ይረሳዋል።

ለፈተና ቀን አዲስ ነገር አናስገባም። ወረቀቱ እስኪታደል ሁለት እግር መሬት ላይ፣ ዓይን ክፍት፣ ዘጠኝ ትንፋሽ፤ 90 ሴኮንድ ነው። እስክሪብቶ የያዘው እጅ ከጠበቀ ከዴስኩ ሥር አንዴ ጨብጦ መልቀቅ፣ ማንም አያየውም።