በፋሲካ ማታ ብራምፕተን ላይ የተሸነፍነው

ሃምሳ አምስት ቀን ጾሞ፣ ሌሊቱን ቅዳሴ ቆሞ፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ዶሮ በልቶ የተኛ ሰው ማታ የት ይሄዳል? እኔ የበረዶ ሆኪ ለማየት ሄድኩ።

ቀኑ ሚያዝያ 8 ቀን 2015 ነበር፣ በፈረንጅ ኤፕሪል 16 ቀን 2023። ቦታው ከቶሮንቶ ጎን ያለችው ብራምፕተን። የሴቶች የዓለም ሻምፒዮና ፍጻሜ ነው፣ ካናዳ ከአሜሪካ። ትኬቱን የገዛችልን የሥራ ባልደረባዬ ናት። "ዛሬ እኮ ፋሲካ ነው" ስላት "ያለፈው እሁድ አልነበር እንዴ?" አለች። ካላንደራችንን ለማስረዳት አቅም አልነበረኝም። ዶሮ በሳህን ቋጥሬላት፣ የአሥር ዓመት ልጄን ይዤ ሄድኩ።

ይህች ሴት እግሯን ብትረግጣት ራሷ ይቅርታ የምትል ሰው ናት። ጨዋታው ሲጀመር ግን ሌላ ሰው ሆነች። ዳኛውን የተሳደበችውን እዚህ አልጽፈውም። ልጄ ጆሮዋን እንድትይዝ ብነግራት ጭራሽ ጠጋ አለቻት።

የኛ ሰው ሆኪ ምኑ ነው ይል ይሆናል። እኔም እንደዛ ነበርኩ። ግን ቆልመም ያለ ዱላ ይዞ መሬት ለመሬት የምትሄድ ነገር ማባረር ለኛ አዲስ ነው እንዴ? የገና ጨዋታ ነው እኮ! ሩሯ ጥቁር ጠፍጣፋ ጎማ ሆነች፣ ሜዳው በረዶ ሆነ፣ በቃ። "በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ" የሚባለው ግን እዚህ አይሠራም። ከፊታችን አንድ ጥምጣም ያሰሩ አዛውንት የካናዳን ማሊያ ለብሰው ተቀምጠዋል፣ ከአጠገባቸው ደግሞ ድንበር አቋርጦ የመጣ የአሜሪካኖች ቤተሰብ "ዩኤስኤ! ዩኤስኤ!" ይላል። ሽማግሌው እነሱ በጮሁ ቁጥር ዞር እያሉ በዓይን ይቆጧቸዋል። የአዲስ አበባ ስታዲየምን የቡናና የጊዮርጊስ ቀን የሚያውቅ ሰው ይሄን ዓይን ያውቀዋል።

በእረፍት ሰዓት ባልደረባዬ ታሪኩን ነገረችን። በፈረንጅ 1990 የመጀመሪያው የሴቶች የዓለም ሻምፒዮና ኦታዋ ላይ ሲደረግ እሷ እዛ ነበረች፤ የካናዳ ልጆች ቀይ ሳይሆን ሮዝ ማሊያ ለብሰው ነው አሜሪካን 5 ለ 2 ያሸነፉት። እስከ ዛሬ በሮዙ ማሊያ ትናደዳለች። ከዛ ደግሞ የሶቺው መጣ። በፈረንጅ 2014፣ የኦሎምፒክ ፍጻሜ። አሜሪካ 2 ለ 0 እየመራች አራት ደቂቃ እንኳን አልቀረም። እሷ ተናዳ ቴሌቪዥኑን አጥፍታ ውሻዋን ይዛ ወጣች። ካናዳ አንድ አገባች። ግብ ጠባቂዋን አስወጥተው በተጫዋች ሲተኩ አንዲት አሜሪካዊት ከሩቅ ወደ ባዶው ጎል ላከችው፣ ተንሸራቶ ተንሸራቶ ቋሚውን መታ። አንድ ደቂቃ ሳይሞላ ማሪ ፊሊፕ ፑላን አቻ አደረገች፣ በተጨማሪ ሰዓትም ራሷ ጨረሰችው። ባልደረባዬ ይሄን ሁሉ የሰማችው መንገድ ላይ ቆማ፣ ከጎረቤት ቤት በሚወጣ ጩኸት ነው።

ልጄ አፏን ከፍታ ትሰማለች።

እኛ ፊት ግን ሶቺ አልተደገመም። 3 ለ 3 ሆኖ፣ አራት ደቂቃ ሊቀረው ሲል፣ ካናዳ በቅጣት ተጫዋች ጎድሎባት እያለ አሜሪካዊቷ ሂላሪ ናይት አገባች። ያዘንነውን ሳንጨርስ፣ በግማሽ ደቂቃ ውስጥ፣ ራሷው ደገመች። ለራሷ የዕለቱ ሦስተኛ ጎሏ ነበር። አዳራሹ እንደ ለቅሶ ቤት ጭጭ አለ፣ ያ ቤተሰብ ብቻ ሲቀር። መጨረሻ ላይ ባዶ ጎል ላይ አንድ ጨመሩና 6 ለ 3። ጉንጯ ላይ የሜፕል ቅጠል ያስቀባች አንዲት ሕፃን እያለቀሰች ቅጠሉን አገጯ ድረስ አወረደችው። ሰው መውጣት ጀመረ። ባልደረባዬ ግን ፊሽካ እስኪነፋ ንቅንቅ አላለችም። ከሶቺ በኋላ ማልሁ አለች።

ከዛ ያላሰብኩትን አየሁ። ሽማግሌው ተነሱና ለአሜሪካኖቹ አባት እጃቸውን ዘረጉ። "ጥሩ ተጫወታችሁ" አሏቸው፣ ልክ ሰውየው ራሱ በረዶው ላይ የነበረ ይመስል። ፊታቸው ግን ፈገግ አላለም።

መኪና ውስጥ እህቴ ከአሜሪካ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ደወለች። በሕይወቷ ሆኪ አይታ አታውቅም፣ ልጇ ነው የነገራት።

"እንኳን አደረሰሽ!" አለችኝ። "ስድስቱስ ደረሰሽ?"

"ተይን፣ በቅጣት ነው የተሸነፍነው" አልኳት።

ትንሽ ዝም አለችና "የተሸነፍነው? ማን ነው ደግሞ እኛ?" ብላ በሳቅ ፈነዳች። ቦሌ አብረን ተሳፍረን፣ እሷ ዲቪ ደርሷት እዛ፣ እኔ በባሌ በኩል እዚህ። ምን ልበላት?

ልጄ ከኋላ ወንበር ስልኩን ከእጄ ወሰደችው። "አክስቴ፣ ሶቺን ታውቂያለሽ?" አለች በዛ በተሰባበረ አማርኛዋ። ከዛ ቋሚውን የመታውን ኳስ መተረክ ጀመረች፣ እዛው ቆማ ያየች ይመስል። ያኔ የአንድ ዓመት ልጅ ነበረች።